ስሙን የማናውቀው ድርጅት ያሸገው የምኒልክ ብር

ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት ሰብሳቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች በአንዱ የ1887 የምኒልክ ብር አየሁ። በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጓል። ላዩ ላይ ‹ኤምኤስ 67› የሚል ደረጃ፣ የአንድ ድርጅት ስምና ኪውአር ኮድ አለው። ኮዱን በስልኬ ሳነሳው ዌብሳይት ተከፈተና የሳንቲሙ ቁጥር ወጣ። ሻጩ ‹አሜሪካ ተመርምሮ የመጣ ነው፣ 180 ሺህ ብር› ይለኛል። የጠየቅኳቸው ሰብሳቢዎች ግን ድርጅቱን ሰምተውት አያውቁም። ልግዛው?»

ባጭሩ፣ በዚህ ዋጋ አትግዛው። ግን «ድርጅቱ አይታወቅም» ብዬ ብቻ ልሸኝህ አልፈልግም። ያልታወቀ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ የታወቀውም ይሳሳታል። ነገ ደግሞ ሌላ ሱቅ ውስጥ ሌላ ስም የተለጠፈበት እሽግ ማየትህ አይቀርም። ያኔ ራስህ እንድትፈርድ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ከ1 እስከ 70 የሚሄደውን መለኪያ በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዊልያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ያወጣውም ለአገሩ የድሮ የመዳብ ሳንቲሞች ነበር፤ በኋላ ለሁሉም ዓይነት ሳንቲም ዋለ። ከ60 ጀምሮ ያለው «ገበያ ላይ ያልዋለ» ማለት ነው። ኤምኤስ የሚባለውም ይኸው ነው። 67 ሲሆን ደግሞ መፋቅ ይቅርና ጭረት እንኳን በጭንቅ የሚገኝበት፣ ሲመታ የያዘው አንጸባራቂነት ሙሉ በሙሉ ያለ ሳንቲም መሆን አለበት። የምኒልክን ብር ታሪክ ደግሞ ታውቀዋለህ። በበቅሎ ተጭኗል፣ በከረጢት ተንገጫግጯል፣ ተቀብሯል፣ ጆሮ ተበጅቶለት አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል። ከዚያ ሁሉ የተረፈ 67 በጣም ብርቅ ነው። የ1887ቱ ደግሞ ከ1889ኙ በብዙ ያነሰ ነው የተመታው። ስለዚህ ገና ሳንቲሙን ሳናየው ቁጥሩ ራሱ ማስረጃ የሚጠይቅ ቁጥር ነው።

ደረጃ ማለት አስተያየት ነው። ባለሙያዎች ያዩና «64» ይላሉ። ያንኑ ሳንቲም በሌላ ቀን ቢያዩት 63 ሊሉት ይችላሉ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው። ታዲያ ሰው ሁለቱን ትልልቅ የአሜሪካ ሳንቲም ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን ፒሲጂኤስንና በዓመቱ የመጣውን ኤንጂሲን ለምን ያምናል? ስለማይሳሳቱ አይደለም። ሲሳሳቱ ኪሳቸው ስለሚነካ ነው። ፎርጅዱን «ኦሪጅናል» ብለው ካሸጉ፣ ወይም ደረጃውን ከፍ አድርገው ከሰጡ፣ በዋስትና ውላቸው መሠረት ይክሳሉ። ውሉ ብዙ «ነገር ግን» አለበት፤ ለምሳሌ መዳብ እሽግ ውስጥ እያለ ቀለሙ ቢለወጥ አይመለከታቸውም። ቢሆንም የተጻፈ ግዴታ ነው።

እኔ ስለ አንድ ድርጅት ስጠየቅ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ተሳስቶ ቢገኝ ገንዘብ የሚከስረው ማን ነው? አንተ ያየኸው ድርጅት ዌብሳይት አለው ብለሃል። ጥሩ። ሎጎውንና የሚያብረቀርቁትን ፎቶዎች እለፍና የአገልግሎት ውሉን ፈልግ። «ደረጃው አስተያየት ብቻ ነው፣ ለሚደርስ ኪሳራ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ካለ፣ የገዛኸው ፕላስቲክና ወረቀት ነው። ውሉ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ይብሳል።

ቀጥለህ ባለቤቱን አጣራ። ደረጃ የሚሰጠው ሰው ራሱ ሳንቲም ይሸጣል? በዚህ ሙያ ትልቁ ችግር የራሱን ሳንቲም ራሱ የሚያሽግ ነጋዴ ነው። ባዶ የፕላስቲክ ሳጥን በኢንተርኔት በጅምላ ይሸጣል፤ መለያ ወረቀቱን ማንም ፕሪንተር ያወጣዋል። የመኪናውን ምርመራ ባለቤቱ ራሱ አድርጎ ቦሎውን ራሱ ቢለጥፍ እንደማለት ነው። ኤንጂሲ ደረጃ የሚሰጡ ሠራተኞቹ ሳንቲም እንዳይነግዱ ይከለክላል። አንተ ያየኸው ድርጅት እንዲህ ያለ ደንብ አለው? አድራሻው ከሻጩ አድራሻ ጋር አንድ ከሆነ ወይም በኢንተርኔት የእሱን እሽግ የሚሸጠው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ መልሱን አገኘኸው።

ስለ ኪውአር ኮዱ ብዙ ሰው ስለሚሸወድበት ትንሽ ልቆይበት። ኮዱ የሚያሳይህ መለያውን ያተመው ሰው ዌብሳይት መክፈት እንደሚችል ብቻ ነው። ስለ ሳንቲሙ የሚያረጋግጠው ነገር የለም። እንዲህ አድርግ። አድራሻውን ከኮዱ አትክፈተው፤ ራስህ ጻፈው። ከዚያ የሳንቲሙን ቁጥር አስገባና ቀጥሎ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ሞክር። እውነተኛ መዝገብ ከሆነ የተለያየ አገር ሳንቲም፣ የተለያየ ደረጃ ይወጣልሃል። 12 ይወጣል፣ 35 ይወጣል፣ «የታጠበ ስለሆነ ቁጥር አልተሰጠውም» የሚል ይወጣል። ሁሉም 66፣ 67፣ 69 ከሆነ ደረጃ የሰጠ ሰው የለም፤ የሚሸጥ ሰው ነው ያለው። ዌብሳይቱ መቼ እንደተመዘገበም «ሁ ኢዝ» በሚባለው የዶሜይን መፈለጊያ በነጻ ይታያል። «ከ30 ዓመት በላይ ልምድ አለን» የሚለው ድርጅት ዌብሳይቱ አምና የተከፈተ ከሆነ ማብራሪያ ጠይቅ።

እዚህ ላይ የምትረሳው አንድ ነገር እንዳይኖር። የታወቀ ስም ማየትም ብቻውን አይበቃም። ፒሲጂኤስ በ2008 እ.ኤ.አ. ሳጥኑን አስመስለው የሚሠሩ ከቻይና መውጣታቸውን አሳውቋል፤ ኤንጂሲም ደርሶበታል። ፎርጅዱ ሳጥን ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የእውነተኛ ሳንቲም ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ዌብሳይቱ ላይ «አለ» ይላል። የሚያድንህ ፎቶው ነው። ዌብሳይቱ ላይ ያለውን ፎቶና እጅህ ላይ ያለውን ሳንቲም ጎን ለጎን አድርገህ እያንዳንዷን ጭረትና ነጥብ አስተያይ። ሁለት ሳንቲም አንድ ዓይነት ጭረት አይኖረውም።

አሁን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተሰጠ ወደሚመስለኝ መፈተኛ ልምጣ። መለያ ወረቀቱን አንብብ። በሳንቲሙ ላይ ያለው ዘመን በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ተብሎ የተጻፈ የእኛ 1887 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1894 ወይም 1895 ማለት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ድርጅት የኢትዮጵያ ዘመን መሆኑን በምልክት ይገልጻል፤ ብዙ ጊዜም የእነሱን ዓመት ጎን ያስቀምጣል። መለያው ዝም ብሎ «1887» ብሎ እንደ ፈረንጅ ዘመን ከቆጠረው ያሸገው ሰው የያዘውን አያውቅም። ምኒልክ በ1887 እ.ኤ.አ. ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ዐፄ ዮሐንስ በሕይወት ነበሩ። እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 1882 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ኅዳር 1889። ሳንቲሙ ላይ ግን «ንጉሠ ነገሥት» ይላል። ይህችን የማያውቅ ሰው 66ን ከ67 ለየሁ ሲልህ እንዴት ታምነዋለህ?

ማርትሬዛም እንዲሁ ነው። ጠገራ ብሩ ሁሉ 1780 ይላል፤ ስሟን የሰጠችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ስለሆነ ዘመኑ እዚያው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ እየተባለ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲመታ ኖሯል። ያልታወቀ ድርጅት «1780፣ ኤምኤስ 68» ብሎ ካሸገውና ዳግም ምት መሆኑን ካልጻፈ፣ ወይ አያውቅም ወይ እንድታውቅ አይፈልግም። ሱቁ ውስጥ እንዲህ ያለ እሽግ ካለ ያንን አስቀድመህ እየው፤ ስለ ምኒልኩም ብዙ ይነግርሃል።

ቀጥሎ ሳንቲሙን እንየው። ፊደሉን እናነባለን፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ቀሽም ፎርጅድ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው በፊደሉ ነው፦ እግር የጎደለው ፊደል፣ ከቦታው የተንሻፈፈ ቃል። አንበሳውን ደግሞ ተመልከት። በ1887ቱና በ1889ኙ ብር ላይ ያነሳው የግራ እግሩን ነው፤ በ1892ቱና በ1895ቱ የቀኙን። ዘመኑ አንድ፣ አንበሳው ሌላ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ፓሪስ መመታቱን የሚያሳይ ትንሽዬ የላቲን «ኤ» ፊደልም የ1887ቱ ላይ ፈልግ።

ከዚያ ከፍ ያሉትን ቦታዎች እይ፤ የንጉሡን ጉንጭና ጢም፣ የዘውዱን ጌጥ፣ የአንበሳውን ጋማ። መጀመሪያ የሚፋቀው እሱ ነው። ለ67 እነዚህ ቦታዎች ቅንጣት መላላጥ ሊኖራቸው አይገባም። እሽጉን ከመብራት ሥር ቀስ እያልክ አዘንብለው። ያልተነካ ብር ላይ ብርሃኑ ከመሃል ወደ ዳር እየተሽከረከረ ይሄዳል። የታጠበ ከሆነ ግን ነጭ ሆኖ ይፈዛል፤ በሌንስ ሲታይም በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጭን ቀጭን ጭረቶች ይወጣሉ። የእኛ አገር ብር በአብዛኛው ታጥቧል። ወይ ባለቤቱ፣ ወይ ሱቁ ውስጥ «ያምር ብለን» አሽተውታል። የታወቁት ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ቁጥር ይነሱታል፤ «ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፣ ግን ታጥቧል» ብለው ይጽፋሉ። ዋጋውም ብዙ ይወርዳል። ያልታወቁት ግን ያንኑ ነጭነት እያዩ 67 ሲሉ ታገኛለህ።

ከላይ፣ ከንጉሡ ዘውድ በላይ ያለውን ጠርዝ ለብቻው እየው። የአንገት ጌጥ የነበረ ብር ጆሮው ሲነቀል የብየዳ ጠባሳ ይተዋል። አንዳንዱ ጠባሳውን ሞርዶ ያጠፋዋል፤ ዙሪያው ግን ቦታው ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ይላል። እሽጉ ጠርዙን የሚሸፍን ነጭ ቀለበት ካለው ይህንን ማየት አትችልም። አንዳንድ ድርጅት ይህን ለማሳየት ሲል ሳንቲሙን በጥቂት ጥርሶች ብቻ ይይዘዋል። ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ጠርዝ ለእኔ ሁልጊዜ ጥርጣሬ ይጨምርብኛል።

ክብደት ትልቅ ፈተና ነበር። የምኒልክ ብር 28 ግራም ከሽርፍራፊ ነው፤ 28.075። ከሺህ 835 እጁ ብር ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ተኩል አይሞላም። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። የትኛውም የፒያሳ ወርቅ ቤት ለዚህ የሚበቃ ሚዛን አለው፤ ደንበኛ ከሆንክ ሻይ እየጠጣህ ይመዝኑልሃል። የታሸገውን ግን መመዘን አትችልም። እሽግ ፎርጅድን የሚጠቅመውም በዚህ ነው፤ ክብደቱን፣ ድምፁን፣ ጠርዙን ይደብቅለታል። በፕላስቲኩ ላይ የሚሠራ ቀላል መፈተኛ ማግኔት ነው። ጠንከር ያለ ማግኔት አስጠግተህ ከሳበው ጨርሰሃል። ካልሳበው ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፤ ናስና መዳብም አይሳቡም።

(ብር የተቀባ ሳንቲም ትላንት የመጣ ነገር አይደለም። የ1936ቱ 25 ሳንቲም መዳብ ነበር፤ በመጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ይመሳሰል ስለነበር እየተለበጠ በሃምሳ ሳንቲም ያልፍ ጀመር። ስለዚህ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ተደርጎ ወጣ። ክቡንና ሞገዳማውን ጎን ለጎን አድርገህ ብትሰበስባቸው በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ታሪክ ይዘሃል።)

ገበያው ራሱ የሚለውንም ስማ። ሄሪቴጅና ስታክስ ባወርስ የሚባሉት የአሜሪካ ጨረታ ቤቶች ያለፉ ሽያጮቻቸውን በኢንተርኔት ያሳያሉ። የድርጅቱን ስም ፈልግ። በአንድም ሽያጭ ካልተገኘ፣ ወይም ሳንቲሙ ሲሸጥ ጨረታ ቤቱ የእሽጉን ቁጥር ትቶ የራሱን ግምት ከጻፈ፣ ነጋዴው ዓለም ያንን ቁጥር እንደሌለ ይቆጥረዋል ማለት ነው። ኢቤይም ቢሆን በዝርዝሩ ካሉ ጥቂት ድርጅቶች ውጭ የታሸገን ሳንቲም «ደረጃ የተሰጠው» ብሎ መሸጥ አይፈቅድም፤ እንደ ልቅ ሳንቲም ነው የሚቆጥረው።

መሃል ላይ ያሉትን ደግሞ አንርሳ። አናክስ የሚባለው ደረጃ ሰጪ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ስም ነው፤ አይሲጂም አለ። የእነሱ እሽግ ከሁለቱ ትልልቆች ባነሰ ዋጋ ይሸጣል እንጂ ማንም ሌባ አይላቸውም። ከእነሱ በታች ደግሞ ሐቀኛ ሆነው ለጋስ የሆኑ ትንንሾች አሉ። ሳንቲሙ እውነተኛ ነው፣ ደረጃው ግን ሦስት አራት ነጥብ ከፍ ብሏል። ከእንደነዚህ ዓይነቶቹ መግዛት ይቻላል። ዋጋውን ግን በራስህ ዓይን ባየኸው ደረጃ ክፈል እንጂ በተጻፈው አትክፈል።

ሻጩን አንድ ነገር ጠይቀው። የ1887 ብር 67 ከሆነ፣ በታወቀ ድርጅት እጅ ቢያልፍ ዋጋው ስንት እጥፍ ይሆናል። የምርመራው ክፍያ ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ለምን እዚያ አላስመረመረውም? ሐቀኛ መልስ ሊኖረው ይችላል፦ ከዘመድ የወረሰው፣ በስጦታ የመጣ፣ ስለ ድርጅቶቹ የማያውቅ። እንዲህ ከሆነ ወረቀቱን ያሳይህ። አሜሪካ ተመርምሮ ከመጣ የተላከበት ቅጽና የክፍያ ደረሰኝ ይኖራል። ወረቀት የለም፣ ቁጣ ግን አለ ከሆነ ሱቁን ሰላም ብለህ ውጣ።

«ገዝቼ ራሴ ላስመርምረው» ብትልስ? ቀላል አይደለም። ፒሲጂኤስ ፓሪስ፣ ኤንጂሲ ሙኒክና ለንደን መቀበያ አላቸው። የምኒልክ ብር ፓሪስ ቢሄድ እንዲያውም ወደ ተወለደበት መመለሱ ነው። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አንድ የቆየ ብር ቅርስ ነው አይደለም ብለህ ራስህ አትወስን፤ አስቀድመህ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ያዝ። «በሻንጣ ይዞልህ የሚሄድ ሰው አለ» የሚል ደላላ ካጋጠመህ አትስማው። ኤርፖርት ላይ ቢያዝ የሚጠየቀው ያንተ ስም ነው፤ ሳንቲሙም ይቀራል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ሳንቲሙን እንዳልታሸገ ቁጠረው። ከፕላስቲኩ አታውጣው፤ ሻጩም ይህን አይፈቅድልህም፣ ስትሰብረውም ልትጭረው ትችላለህ። ከላይ ባልኩህ መንገድ አይተህ፣ የምኒልክ ብር በእጁ ያለፈ ሌላ ሰብሳቢም ይየው። ያልታጠበ፣ ጠባሳ የሌለው፣ ትንሽ የተፋቀ ጥሩ ብር ሆኖ ካገኛችሁት ለእንዲህ ያለው በሚገባው ዋጋ ተደራደር። ከተስማማችሁ በወረቀት ላይ የሻጩ ስም፣ ቀኑ፣ ዋጋውና «ፎርጅድ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡን እመልሳለሁ» የሚል ቃል ይግባ። ይህን ለመፈረም የሚያቅማማ ሻጭ የሚያውቀው ነገር አለ።

ፎቶ ልትልክልኝ ከፈለግህ ፍላሽ አትጠቀም። ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ ሁለቱንም ገጽ፣ እሽጉን በትንሹ አዘንብለህ አንሳ። ጠርዙ የሚታይ ከሆነ እሱንም ጨምር። የድርጅቱን የአገልግሎት ውል ገጽና የመለያውን ሙሉ ጽሑፍም አብረህ ላክልኝ።